ፀረ ድባቴ መድኃኒት ካቆምኩ በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚነዝረኝ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ለድባቴና ለጭንቀት ፓሮክሴቲን 20 ሚሊ ግራም ለ7 ዓመት ወስጃለሁ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደህና ስለነበርኩ ለማቆም ወሰንኩ። ለሁለት ሳምንት ክኒኑን ለሁለት እየገመስኩ ወሰድኩና ተውኩት። ግማሹን ስወስድ ትንሽ ከማዞር በቀር ደህና ነበርኩ። ሙሉ በሙሉ ካቆምኩ ግን ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሰው አልሆንኩም። ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፣ በተለይ ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር። ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ በትንሽ በትልቁ አለቅሳለሁ፣ ሌሊቱ ቅዠት ነው። ፋርማሲስቱ ‹መድኃኒቱ በሳምንት ውስጥ ከሰውነትሽ ወጥቷል፣ ከእሱ ሊሆን አይችልም› አለኝ። እህቴ ሱስ ሆኖብሽ ነው ትላለች። ባለቤቴ በሽታው ተመልሷል ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ቀን እየዘለልሽ ውሰጂው አለችኝ። አእምሮዬ ተጎድቶ ይሆን? ልቻለው ወይስ ወደ መድኃኒቱ ልመለስ?»

መልስ፦ የጻፉት ነገር በሽታው እንደተመለሰ አያሳይም። ሱስም አይደለም። ሰባት ዓመት የተወሰደ መድኃኒት በሁለት ሳምንት ሲቆም የሚመጣ የማቋረጥ ምልክት ነው፤ ያውም ዓይነተኛው። ምክሬን ከወዲሁ ላስቀምጠው፦ ጥርስዎን ነክሰው አይቀጥሉ። በዚህ ሳምንት ሐኪምዎን ያግኙና ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ወደነበሩበት መጠን፣ ማለትም ወደ 10 ሚሊ ግራም፣ ስለመመለስ ይነጋገሩ። ሲረጋጉ እንደገና መቀነስ ይጀምራሉ። የሚቀንሱት ግን በወራት እንጂ በሳምንታት አይሆንም።

ፋርማሲስቱ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ፓሮክሴቲን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚወርደው በ21 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ከአምስት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ከሞላ ጎደል ተጣርቶ ያልቃል። ስህተቱ ድምዳሜው ላይ ነው። የሚያሠቃይዎት የመድኃኒቱ መኖር አይደለም፤ አለመኖሩ ነው። ምልክቱ በሦስተኛው ቀን መጀመሩም ከዚሁ ስሌት ጋር ይገጥማል።

ነርቮች ከሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች አንዱ ሴሮቶኒን ነው። ሥራውን ሲጨርስ መልሶ የሚሰበስበው ፕሮቲን አለ። ፓሮክሴቲን ይህን ሰብሳቢ ይይዘዋል፤ ሴሮቶኒኑም በነርቮች መካከል ይቆያል። አንጎል ታዲያ ይህን ዝም ብሎ አያይም። የሴሮቶኒን ተቀባዮቹን እያደነዘዘ ራሱን በመድኃኒቱ ልክ ያስተካክላል። እርስዎ ዘንድ ይህ ማስተካከያ ሰባት ዓመት ቆይቷል። መድኃኒቱ በቀናት ውስጥ ሲጠፋ የደነዘዙት ተቀባዮች በዚያው ፍጥነት አይነቁም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋሉ። አሁን ያሉት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። «አእምሮዬ ተጎድቷል ወይ» ላሉት መልሴም ይኸው ነው፦ አልተበላሸም፣ ራሱን መልሶ እያስተካከለ ነው። ጊዜ ግን አልተሰጠውም።

ምልክቶቹ የተዘበራረቁ የሚመስሉት ሴሮቶኒን ከስሜት ሌላ ብዙ ሥራ ስላለው ነው። አብዛኛው የሰውነታችን ሴሮቶኒን ያለው አንጀት ውስጥ ነው፤ ማቅለሽለሹ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቅዠቱም ምክንያት አለው። እነዚህ መድኃኒቶች ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳጥራሉ፤ ሲቆሙ ያ ክፍል በኃይል ይመለሳል። ዓይንን ወደ ጎን ሲያዞሩ የሚመጣው ንዝረት ደግሞ የማቋረጥ መለያ ነው ማለት ይቻላል። ያስደነግጣል እንጂ የሚጥል በሽታ አይደለም።

የወሰዱት መድኃኒት ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። ፓሮክሴቲን ለማቆም ከሚያስቸግሩት ግንባር ቀደሙ ነው፤ ቬንላፋክሲንም እንዲሁ። ሁለቱም ከሰውነት ቶሎ ይወጣሉ። ፍሉዎክሴቲን በተቃራኒው እሱና ከእሱ የሚፈጠረው ንጥረ ነገር ለሳምንታት ስለሚቆዩ ራሱን በራሱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ፓሮክሴቲን ሌላም ጠባይ አለው። እሱን የሚያብላላውን የጉበት ኢንዛይም ራሱ ይገታል። መጠኑ ሲቀንስ ኢንዛይሙ ነፃ ይወጣና የቀረውን መድኃኒት በፍጥነት ያብላላዋል። ስለዚህ ክኒኑን ለሁለት ሲገምሱ በደምዎ ውስጥ የነበረው መጠን የወረደው ከግማሽም በታች ነው። ግማሽ ቀነስኩ ብለው ያሰቡት ከዚያ በላይ ነበር ማለት ነው።

ወደ እህትዎ ልምጣ። ሱስ ማለት መድኃኒቱን መቋመጥ፣ ለስካር ወይም ለደስታ ሲሉ መጠኑን እየጨመሩ መሄድ፣ ጉዳቱን እያዩ መተው አለመቻል ነው። እርስዎ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንኑ 20 ሚሊ ግራም ወስደዋል፤ ደህና ሲሆኑም ለመተው ራስዎ ወሰኑ። ይህ ሱስ አይደለም። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ ግን እውነት ነው፣ እሱን መካድ አያስፈልግም። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም በድንገት ሲቆሙ ግፊቱን ከበፊቱ አስበልጠው ያስነሳሉ፤ የእነሱን ተጠቃሚ ግን ማንም ሱሰኛ አይለውም። ቃሉ ሰውን ያሸማቅቃል። የተሸማቀቀ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር በድብቅ ያቆማል፤ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

የባለቤትዎ ስጋት የበለጠ ክብደት አለው። ማገርሸት አለ፤ ከማቋረጥ ምልክት ጋርም በቀላሉ ይምታታል። ሁለቱም ላይ ለቅሶ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይታያል። እኔ የምለያቸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው ጊዜው ነው። ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ ማገርሸት አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታትና ወራት ቆይቶ፣ ቀስ እያለ ይመጣል። ሁለተኛው የምልክቱ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ድባቴዎ ላይ ጭንቅላት ውስጥ መንዘር፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነበረ? ካልነበረ ይህ የድሮው በሽታዎ አይደለም። ሦስተኛው ለመድኃኒቱ ያለው ምላሽ ነው። ማቋረጥ ከሆነ መድኃኒቱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀላል። ማገርሸት ከሆነ ግን መድኃኒቱ እንደ መጀመሪያው ሁሉ ሳምንታት ይፈጅበታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መለኪያዎች የእርስዎ ወደ ማቋረጥ ያደላል፤ ሦስተኛው ገና አልተሞከረም።

ይህን ስል ማገርሸትን ላቃልል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የወሰዱና ለማቆም የሚያስችል ደህንነት የተሰማቸውን 478 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ከቀጠሉት 39 በመቶው፣ ካቆሙት ደግሞ 56 በመቶው አገርሽቶባቸዋል። ሁለቱንም ቁጥሮች አብረው ይዩ። መቀጠል ዋስትና አልሆነም፤ ካቆሙትም ከአስር አራት ያህሉ ዓመቱን ሳያገረሽባቸው ጨርሰዋል። ከዚህ በፊት ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ከባድ ድባቴ ካጋጠመዎት፣ ወይም ራስዎን ለማጥፋት ሞክረው ከነበረ፣ ማቆሙን ራሱን ከሐኪምዎ ጋር እንደገና ይመዝኑት።

የማቋረጥ ምልክት ስንቱን ይይዛል ለሚለው ቁጥሮቹ ብዙ ያከራክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የ79 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ካቆሙት ሰዎች 31 በመቶ ያህሉ ምልክት እንደታየባቸው አሳይቷል። ለማነጻጸር መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ሲወስዱ ቆይተው ካቆሙት ላይ ግን 17 በመቶ ሆኗል። በመድኃኒቱ ምክንያት ነው ሊባል የሚችለው እንግዲህ ከስድስት ወይም ከሰባት ሰው አንዱ ላይ ነው። ከባድ የሆነው ደግሞ ከ35 ሰው አንድ ላይ ገደማ። የሚያረጋጋ ቁጥር ነው። ነገር ግን ከጥናቶቹ ብዙዎቹ ያዩት መድኃኒቱን ለወራት ብቻ የወሰዱትን ነው። ሰባት ዓመት የወሰደን ሰው በዚህ ልክ መመዘን አይቻልም። የብሪታኒያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፣ በሳምንት ገደማ ይጠፋል ይል ነበር። በዚያው ዓመት ግን አንዳንዶች ላይ ሊከፋና ሊረዝም እንደሚችል አምኖ መመሪያውን አስተካክሏል። የድሮውን ይዘው የቀሩ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ፤ «ከእሱ ሊሆን አይችልም» የሚለው መልስ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፦ የት ላይ ነው የተሳሳተው? ግማሽ መቀነስዎ ላይ ሳይሆን ከግማሹ ወደ ዜሮ መዝለልዎ ላይ ነው። ይህ ብዙ ሐኪሞችም የሚስቱት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ልስጠው። መድኃኒቱ የሚይዘው የሰብሳቢ ፕሮቲን መጠን ከሚሊ ግራሙ ጋር እኩል አይሄድም። ለምሳሌ በደንብ የተለካውን የፓሮክሴቲን ዘመድ ሲታሎፕራምን እንይ። 20 ሚሊ ግራም 80 በመቶ ገደማ ይይዛል። ወደ 9 ሲወርድ 70 በመቶ ገደማ ነው። 3 ተኩል ላይ ሲደርስ እንኳ ግማሹን እንደያዘ ነው። ከ1 ሚሊ ግራም በታች፣ 0.8 ላይ፣ 20 በመቶ ይሆናል። ፓሮክሴቲንም ቅርጹ ተመሳሳይ ነው። ልብ ይበሉ፦ የመጀመሪያዎቹ 11 ሚሊ ግራሞች ሲቀነሱ የጠፋው 10 በመቶ ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ 9 ሲቀነሱ 70 በመቶው ይጠፋል። ከላይ ያሉት እርከኖች አጫጭር የሆኑበት፣ የመጨረሻው ግን ከፎቅ የመዝለል ያህል የሆነ ደረጃ ነው። ግማሹን ሲወስዱ ትንሽ ማዞር ብቻ ተሰምቶዎት ሙሉ በሙሉ ሲያቆሙ የወደቁት ለዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ ማርክ ሆሮዊትዝና ዴቪድ ቴይለር ይህንን እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ሳይካትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ካብራሩት ወዲህ የብዙ ሐኪሞች አሠራር ተቀይሯል። አሁን የሚመከረው እኩል ሚሊ ግራም መቀነስ ሳይሆን ከቀረው ላይ በመቶኛ መቀነስ ነው።

የጓደኛዎ ምክር የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ፓሮክሴቲንን ቀን እየዘለሉ ሲወስዱ በ48 ሰዓት ውስጥ የደምዎ መጠን ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፤ ከዚያ ክኒኑን ሲውጡ መልሶ ይዘላል። በየሁለት ቀኑ ማቋረጥና መጀመር ማለት ነው። ፍሉዎክሴቲን ቢሆን ኖሮ በሐኪም ምክር ሊሞከር ይችል ነበር። ለፓሮክሴቲን፣ ለሰርትራሊን፣ ለቬንላፋክሲን ግን አይሆንም። በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓት፣ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ መውሰድ ነው ያለው።

ከፊትዎ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ችሎ መቆየት ነው። ምልክቱ ቀላል ለሆነበት ሰው ምክንያታዊ ነው፤ ብዙዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀልላቸዋል። እርስዎ ግን ሦስት ሳምንት አልፎዎት ሥቃዩ አልቀነሰም፣ ሰባት ዓመትም ወስደዋል። ወራት ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው መመለስ ነው፤ የምመርጥልዎትም እሱን ነው። ካቆሙ ብዙ ስላልቆዩ የመሥራት ዕድሉ ጥሩ ነው። ወራት ካለፉ በኋላ የሚደረግ መመለስ ግን ውጤቱ ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም፤ ስለዚህ «ትንሽ ልየው» እያሉ አያጓትቱት። ሦስተኛው ወደ ፍሉዎክሴቲን መዛወርና በእሱ በኩል ማቆም ነው። ጥሩ መላ ነው፣ ለአንዳንዶች ይሠራል። ነገር ግን ሁለቱ መድኃኒቶች በስህተት ከተደራረቡ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ሊጨምርና ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። መጠኑን ሐኪም ካልቀመረው በራስ አይሞከርም። የመጀመሪያ ምርጫዬም አይደለም፤ ቀጥተኛው መንገድ ካልተሳካ የሚመጣ ነው።

10 ሚሊ ግራሙ በሳምንት ውስጥ ካላረጋጋዎት ሐኪምዎ ወደ 20 ሊመልስዎ ይችላል። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ መነሻውን ማስተካከል ነው። ከተረጋጉ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት፣ እዚያው ይቆዩ። ከዚያ በየአራት ሳምንቱ ከቀረው ላይ ሩብ ያህሉን ይቀንሱ፦ ከ10 ወደ 7.5፣ ከዚያ 5.5፣ 4፣ 3፣ 2.25 እያለ ይሄዳል። የሚቆመው ግማሽ ሚሊ ግራም አካባቢ ከደረሱ በኋላ ነው። አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሩቡ ከከበደዎት አሥር በመቶ ይቀንሱ። ምልክት ከመጣ ባሉበት ይቆዩ፤ ከበረታ አንድ እርከን ወደ ላይ ይመለሱ። ቀን መቁጠሪያው ሳይሆን ሰውነትዎ ነው የሚወስነው።

እንዲህ ያለ ትንሽ መጠን በክኒን አይገኝም። ፓሮክሴቲን በፈሳሽም ይሠራል፤ የተለመደው በ1 ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም የያዘው ነው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለካል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ክምችት ሳያነቡ ግን እንዳይለኩ። ፈሳሹ ካልተገኘ ተራው ክኒን በክኒን መቁረጫ እስከ ሩብ ድረስ ይቆረጣል፤ ከዚያ በታች ላለው መድኃኒት ቀማሚ ፋርማሲ ያስፈልጋል። ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራው የፓሮክሴቲን ዓይነት ግን አይቆረጥም፣ አይፈጭም። የትኛውን እንደሚወስዱ ካላወቁ ማሸጊያውን ለፋርማሲስቱ ያሳዩ።

እስኪቀልልዎት ድረስ ጥቂት ነገር ይጠንቀቁ። የሚያዞርዎ ከሆነ መኪና አይንዱ። አልኮል እንቅልፉንም ስሜቱንም ያከፋል፤ ለጊዜው ይተዉት። ከቀትር በኋላ ቡናና ሌላ የሚያነቃ ነገር አይጠጡ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል። ወደ ፓሮክሴቲን ሲመለሱ አይቡፕሮፊንና አስፕሪን ከእሱ ጋር ሆነው ጨጓራን የማድማት ዕድላቸው ስለሚጨምር በራስዎ አይጀምሯቸው። ትራማዶልና ለድባቴ የሚሸጡ የዕፅዋት መድኃኒቶች ደግሞ ሳይጠይቁ ፈጽሞ አይወሰዱም። እንቅልፍ እምቢ ሲል ዳያዜፓምን የመሰሉ ማስታገሻዎች ይታዘዛሉ። ለጥቂት ቀናት ይረዱ ይሆናል። ለሳምንታት ከተወሰዱ ግን ከአንዱ ለመውጣት ሲሉ ሌላ ውስጥ ይገባሉ፤ ይኸኛው ደግሞ ለመውጣት የባሰ ነው። በየቀኑ ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ እየሰጡ ይጻፉ። ምልክቱ በማዕበል ነው የሚመጣው፤ ክፉ ቀን ላይ ሆነው ሲያስቡት ምንም ያልተሻለዎት ይመስላል፣ ወረቀቱ ግን ሌላ ሊያሳይ ይችላል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገርም አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚከለክል ከውስጥ የሚያንገበግብ መቁነጥነጥ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን መስማት፣ ነቅተው ሳሉ መቃዠትና ግራ መጋባት፣ የሰውነት መንዘፍዘፍ፣ ወይም ያለ እንቅልፍ ያልተለመደ ደስታና ጉልበት ከታየ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ይህን ባለቤትዎም ይወቀው። መቁነጥነጡን በተለይ ቤተሰብ «ጭንቀት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሰውን ወደ ጥፋት ከሚገፉት አንዱ ግን እሱ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለመፀነስ ካሰቡ ደግሞ ወደ ፓሮክሴቲን ከመመለስዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ከሌሎቹ የበለጠ ጥያቄ የሚነሳበት እሱ ስለሆነ ምርጫው ሊለወጥ ይችላል።

ሐኪምዎ «በአራት ሳምንት ጨርሺው» ካለዎት የደረሰብዎትን በቀን በቀኑ ያሳዩትና ከሩብ በማይበልጥ መቀነስ እንደሚፈልጉ በግልጽ ይንገሩት። እምቢ ካለ ሌላ ሐኪም መጠየቅ መብትዎ ነው። ሁለተኛውን ቅነሳ ሥራ በሚበዛበት፣ ቤት በሚቀየርበት ወይም ኀዘን ባለበት ወር አይጀምሩት። ወደ 2 እና 3 ሚሊ ግራም ሲደርሱ ደግሞ በእያንዳንዱ ሙከራ እየከፋብዎ ከሄደ፣ በዚያ ትንሽ መጠን ላይ ስድስት ወር ወይም ዓመት መቆየት ይቻላል፤ ቅነሳውን ከዚያው ቦታ ይቀጥሉታል።